መስክ የሚባል ከተማ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በቅርቡ ወልዳችሁ እንቅልፍ ላጣችሁና ለመውለድ ለምታስቡ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት መንገድ በመቀየስ ነው። ስለ መንገድ ብዙ አውቃለሁ። ስለ ልጅ የማውቀውን ግን ዘግይቼ ነው የተማርኩት፤ እናንተ ቀድማችሁ ብትሰሙት ደስ ይለኛል።

ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ ነው። ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። አባቴም የባቡር ሰው ነበር፤ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ መካኒክ።

አባቴ ለልጅ የሚሆን ጊዜ አልነበረውም። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል። አንድም ቀን ኳስ አብሮኝ አልተጫወተም። ማታ ሲመጣ ሽርጡን ያገለድምና ግቢ ውስጥ የጎረቤት ሳይክል ይጠግናል። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ እላለሁ። "አሥራ ሰባት ቁጥር" ይለኛል፤ መፍቻውን አቀብለዋለሁ። ከተሳሳትኩ አይቆጣም። መልሶ ይሰጠኝና እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

የድሬ ሙቀት ቤት ውስጥ አያስተኛም። አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነበር የምንተኛው። በጀርባችን ተንጋለን ኮከብ እያየን ጣቢያ እንቆጥራለን።

"ሽንሌ" ይላል።

"አዲጋላ" እላለሁ።

"አይሻ።"

"ደወሌ።"

ጅቡቲ ሳንደርስ አንዳችን እንቅልፍ ይወስደናል። አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው የሚወስደው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲያነሳ ውሏልና።

እሑድ ተረኛ ሲሆን ይዞኝ ይሄዳል። አንድ ቀን ሐዲዱ መሐል አቁሞ "ከዚህ እስከዚያ ስንት ነው?" አለኝ። አላወቅሁም። "1 ሜትር። ከዚህ ከጠበበም ከሰፋም ባቡሩ ይወድቃል" አለኝ። ከዚያ ወዲያ በሄድን ቁጥር አንድ እግሬን በአንዱ ሐዲድ፣ ሌላውን በሌላው ለማሳረፍ እሞክራለሁ። የብረቱ ትኩሳት ሸበጤን አልፎ ይሰማኛል። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ደረስኩበት። አባቴ ሥራውን አቁሞ አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀያሽ የሆንኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

እኔ በተራዬ ወለድኩ። ሴት ልጅና ወንድ ልጅ። ሦስት ሳምንት መስክ እሆናለሁ፣ አንድ ሳምንት ቤት። ቤት ስሆን ደግሞ ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ልጆቹ ጠጋ ሲሉ "አትንኩ! ሂዱ አጥኑ" እላለሁ። ጥሩ ትምህርት ቤት አስገብቻቸዋለሁ፣ ጫማቸው አዲስ ነው። ጥሩ አባት ነኝ ብዬ አምን ነበር። ባለቤቴ "አባባ የት ነው?" ሲሏት ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው፤ "መስክ ነው።"

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት ደቻቱ ሞላ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የምናውቀው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ወንዝ ቤት ጠራርጎ ወሰደ። ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ቤታችን ለወንዙ ቅርብ ነበር። እኔ መስክ ነበርኩ። ስልክ ብደውል ብደውል አልገባ አለኝ። ደህና መሆናቸውን የሰማሁት በማግሥቱ ማታ ነው።

ቤት ስደርስ የስምንት ዓመቱ ልጄ ሮጦ አላቀፈኝም። ዝም ብሎ አየኝና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ "አባባ፣ መስክም ወንዝ አለ?"

መስክ የሚባል ከተማ ያለ መስሎት ኖሯል። በስምንት ዓመቱ ሙሉ አባቱ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ማን ነገረው?

በሚቀጥለው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ይዤው ወጣሁ። ደንገጎ ላይ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው ዳገት፣ ባለ ቁጥሩን ረጅም እንጨት አስያዝኩት። ነፋሱ ያወዛውዘዋል። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ አንድ ሰዓት ያህል ቀጥ አድርጎ ያዘው። ሥራው ዘገየ። ይዘግይ።

ለሴት ልጄ ግን አልደረስኩም። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ "ከጓደኞቼ ጋር ልሁን" አለችኝ፣ እሺ አልኳት። ዛሬ በሰው አገር ትኖራለች። ስንደዋወል ጤና ተጠያይቀን፣ ስለ አየሩ አውርተን እንዘጋለን። እሷ ጥፋት የለባትም። ሌላ የሚወራ ነገር ያላስቀመጥኩላት እኔ ነኝ።

ዛሬ ወጣት ወላጆች ለልጅ ጊዜ ስለ ማጣት ስትጨነቁ እሰማለሁ። ቅዳሜ ከሰዓትን ለልጅ ብላችሁ ትይዛላችሁ። ደግ ነው። ግን ሥራችሁንም አትደብቁባቸው። ሊጥ ስታቦኩ እጃቸውን ይንከሩ። ሱቅ ካላችሁ ማታ ሂሳብ ስትዘጉ ሳንቲሙን ይቁጠሩ። ባጃጅ የምትነዱ፣ ስታጥቡ ባልዲውን ይያዙ። ይቆሽሻል፣ ይደፋል፣ የአንድ ሰዓቱ ሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ነርስ የሆነች እናት ልጇን ሆስፒታል ይዛ መግባት አትችልም፤ ስትመለስ ግን ዛሬ ያየችውን ልትነግረው ትችላለች። "ሥራ ነኝ" ብቻ አትበሏቸው። የት እንደሆናችሁ በስሙ ጥሩላቸው፣ እጃችሁ ምን እንደያዘ ንገሯቸው።

ስልኩንም አስቡበት። አባቴ ሳይክል ሲጠግን እኔ ሳይክሉን አይ ነበር። እናንተ ስልክ ላይ ስትሠሩ ልጁ የሚያየው ግንባራችሁን ነው።

ባለፈው ወር ልጄ ከነልጁ ሊጠይቀን መጣ። አራት ዓመቷ ነው። ወደ አሮጌው ጣቢያ ወሰድናት። አዲሱ ባቡር አሁን ከከተማው ውጭ ነው የሚቆመው፤ የድሮው ሐዲድ ግን አለ። ምንም ሳልነግራት አባቷ መሐል አቆማትና "ከዚህ እስከዚያ ስንት ነው?" አላት። እግሯን ዘርግታ ሞከረች። አልደረሰችም። ተናደደች።

ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ አንድ ማታ ደወለችልኝ። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

"አባባ፣ ከአዲጋላ ቀጥሎ ማነው?"