አሥራት ከምን ላይ ይወጣል?

ይድረስ ሱቅ ለከፈታችሁ፣ ወርክሾፕ ለተከራያችሁ፣ ከሦስት ከአራት ሠራተኛ ጋር ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፤ እንደምን ከርማችኋል?

ዕድሜዬን ያሳለፍሁት የሌላ ሰው ገንዘብ በመቁጠር ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግድግዳቸው ላይ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል የሰቀሉ፣ ከካዝናቸው በላይ «ቢስሚላህ» ያጻፉ፣ በራቸው ላይ ጥቅስ የለጠፉ ብዙ ነጋዴዎችን አውቃለሁ፤ ደብተራቸውንም አይቻለሁ። ግድግዳው የሚለውን ደብተሩ አንዳንዴ ያጸናዋል፣ አንዳንዴም ይክደዋል። ስለዚህ ስለ እምነትና ስለ ንግድ ስትጠይቁኝ ስብከት አትጠብቁብኝ። ማን ለማን አስቀድሞ እንደሚከፍል ግን በደንብ አውቃለሁ።

እስቲ የወሩን መጨረሻ አስቡት። ካዝና ውስጥ ያለው ገንዘብ ለሁሉም አይበቃም። የቤት ኪራይ አለ፣ ዕቁብ አለ፣ የዕቃ አቅራቢ አለ፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለ። አከራዩ ቤቱን እንዳይቆልፍባችሁ ይከፈለዋል። የዕቁቡ ዳኛ ዋስ ስለሚጠራና ስም ስለሚጠፋ ዕቁቡም ይጣላል። አቅራቢው ዱቤ ስለሚከለክል እርሱም አይቀርበትም። ከገጠር መጥታ ዕቃ የምታጥበው ልጅ ግን «ሰኞ እሰጥሻለሁ» ትባላለች፤ ሰኞው ሌላ ሰኞ ይወልዳል። እርሷ የምትጠራው ዋስ የላትም።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 13 ላይ የሠራተኛ ዋጋ አሠሪው ዘንድ እንዳያድር ታዟል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ደንቆሮን መስደብ፣ በዕውር ፊትም እንቅፋት ማኖር ይከለክልና «አምላክህን ፍራ» ይላል። እነዚህ ሁለት ትእዛዛት ለምን ጎን ለጎን እንደተጻፉ ሊቃውንቱ የተሻለ ያብራሩላችኋል፤ እኔ ግን የደመወዝ መዝገብ ላይ ቁጭ ብዬ የተረዳሁት ይህን ነው። ደንቆሮው ስድቡን አይሰማም፣ ዕውሩ እንቅፋቱን ማን እንዳኖረው አያይም፤ ሁለቱም ከሳሽ ሊሆኑ አይችሉም። ደመወዟ ያደረባት ልጅም እንዲሁ ናት። እግዚአብሔርን መፍራት የሚጀምረው አስገዳጅ በሌለበት ቦታ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው አከራይን መፍራት ነው፤ እርሱ ደግሞ ምንም ሃይማኖት አይጠይቅም። ሙስሊም ወንድሞቻችንም የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው ይሰጠው የሚል ሐዲስ አላቸው። ሁሉም ያውቁታል፤ የሚፈጽሙት ግን ከሚያውቁት ያንሳሉ፤ በእኛም ቤት ያው ነው።

ሠራተኛው ጭራሽ የማያየው ገንዘብም አለ። በግል ድርጅት የጡረታ ሕግ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ይህ 18 በመቶ የአንድ ሰው የእርጅና እንጀራ ነው። ሰባቱ በየወሩ ተቆርጦ፣ ደመወዝ መክፈያው ላይ በሚገባ ተጽፎ፣ ነገር ግን ወደሚመለከተው ቋት ሳይገባ ዓመት ያለፈበትን ድርጅት አይቻለሁ። ባለቤቱ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ የጎደለውን ሁሉ በዚያ ይሞላ ነበር። ሠራተኞቹ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አያውቁም፣ ስለዚህ አይጮኹም። የተጨማሪ እሴት ታክስም እንደዚሁ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተመዘገበ ነጋዴ ሲሸጥ 15 በመቶ ይሰበስባል። የሚሰበስበው ግን ለመንግሥት ነው፤ ገንዘቡ እርሱ ዘንድ አደራ ነው። አደራ በልቶ ማስቀደስ እንዴት እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው፦ አሥራት ከሽያጩ ነው ከትርፉ? በቁጥር እንየው። በወር 115,000 ብር ሰበሰባችሁ እንበል። ከዚህ ውስጥ 15,000ው ታክስ ነው፤ በግዢ ላይ የከፈላችሁትን አቀናንሳችሁ ቀሪውን ታስገባላችሁ። ከ100,000ው ላይ 60,000ው የዕቃው ዋጋ ነው፣ 25,000ው ለኪራይና ለደመወዝ ይሄዳል። የቀረው 15,000 ነው፤ የትርፍ ግብሩን ለጊዜው እንተወው። የዚህ አሥረኛ 1,500 ብር ነው። ከጠቅላላው ከ115,000 ላይ አሥረኛ ካወጣችሁ 11,500 ይሆናል፣ ለቤታችሁ 3,500 ይቀራል። በ3,500 ብር ቤተሰብ አይተዳደርም። ስለዚህ በሦስተኛው ወር እጃችሁ ወደ አደራው ገንዘብ ይገባል፣ በአራተኛው ወደ ደመወዙ። ቤተ ክርስቲያን የሰጣችሁት ያ ገንዘብ የማን ነበር? መንፈሳዊውን ነገር የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ አብልጦ ለመስጠት የፈቀደ ልብንም አልከለክልም። የሂሳቡ ነገር ግን ይህ ነው፤ ሰው የሚሰጠው ከራሱ ነው፣ የራሱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ መቁጠር አለበት።

በዚህ ረገድ በዘካ በጣም እቀናለሁ። የንግድ ዕቃ ዘካ ዓመት በሞላው ሀብት ላይ ከመቶ ሁለት ተኩል ነው። ያንን ለማውጣት ነጋዴው መጋዘኑን ከፍቶ፣ ዕቃውን ቆጥሮ፣ ዋጋ ተምኖ፣ ዱቤውን ለይቶ መቀመጥ አለበት። በረመዳን ይህን የሚያደርጉ የመርካቶ ነጋዴዎች አውቃለሁ። ለእነርሱ ሂሳብ መሥራት ዕረፍት ነው፤ ሐምሌ ሲመጣ «ቆጠራው የት አለ?» ብዬ አልጨቃጨቅም።

ጸሎት ቆጠራን አይተካም። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የፈጣሪ ስም መዘግየትን ለመሸፈን ሲጠራ ነው። ደንበኛው አልጋና ቁም ሣጥን አዝዞ፣ ቀብድ ከፍሎ ይመጣል። «ሐሙስ፣ እግዚአብሔር ካለ» ይባላል። እንጨቱ ገና አልተገዛም! ሠሪውም ያውቀዋል። በዚህ ዓይነት አነጋገር እግዚአብሔር ሳይጠየቅ ለሐሰት ዋስ ይሆናል። «እግዚአብሔር ካለ» ማለት የሚገባው የራሱን ድርሻ የጨረሰ ሰው ነው። እንጨቱ ከሌለ «እንጨት አልገዛሁም፣ ለቀጣዩ ሳምንት ነው» በሉ። አንዳንዱ ደንበኛ ይሄዳል፤ የሚቀረው ግን በእናንተ ቃል የሰርግ ቀን ይቆርጣል።

ሥጋ ቤት ልትከፍቱ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ የቀን መቁጠሪያችሁን አውጡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ አለ፣ የገና ጾም አለ፣ ከበዓለ ሃምሳ ውጭ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አለ። አከራዩ ግን አይጾምም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ደንግጦ ብድር የሚፈልግ ልኳንዳ ነጋዴ ይገርመኛል፤ ጾሙ በድንገት የመጣ ይመስል! ዮሴፍ ለፈርዖን የመከረው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛው እንዲቀመጥ ነው። የጥጋቡን ዘመን አላረዘመም፣ ረሃቡንም አላስቀረም፤ የሚመጣውን አውቆ አስቀመጠ። እናንተም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ በእንቁጣጣሽና በመስቀል ሰሞን ከሚገባው ላይ አምስተኛውን እጅ በሌላ የባንክ ሂሳብ አስቀምጡ። የካፍቴሪያም፣ የወተትና የእንቁላል ንግድም እንዲሁ ነው። ወለድ የማይስማማችሁ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች አሉላችሁ። በጾሙ ወራት የጾም ምግብ መጨመርም አንድ መላ ነው፣ ቦታችሁ ከፈቀደ።

ስለ ሠራተኛ አመራር ብዙ አልልም። ሁለት ሰዎችን ብቻ ላንሣ። ዮቶር አማቹ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አይቶ አንተም ትደክማለህ ሕዝቡም ይደክማል አለው። ባለቤቱ ካልመጣ የማይከፈት ሱቅ፣ ባለቤቱ ካልፈረመ ሳሙና የማይገዛበት ምግብ ቤት ያላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። ዮቶር ሰዎች ምረጥ ሲል ያስቀመጣቸውን መመዘኛዎች ተመልከቱ፤ አዋቂ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ የታመነ፣ የግፍ ትርፍ የሚጠላ ነው ያለው። አዋቂ የሚለው መጀመሪያ ነው የተጻፈው። አብሯችሁ ማኅበር ስለሚጠጣ ብቻ ገንዘብ ያዥ ያደረጋችሁት ሰው ደረሰኝ መለየት የማይችል ከሆነ፣ ስትጣሉ የምታጡት ሠራተኛውን ብቻ አይደለም፣ ማኅበሩንም ነው። በሌላ በኩል ሃይማኖታችሁን ያልያዘ ሠራተኛ ጸሎታችሁ ላይ እንዲቆም አታስገድዱት። የጁምዓ ሰዓቱን፣ የእሑድ ቅዳሴውን አክብሩለት፤ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት መስጠት ደግሞ ሕግ ነው፣ ችሮታ አይደለም።

ሁለተኛው በመጽሐፈ ሩት ያለው ባለ እርሻ ቦዔዝ ነው። ወደ አጫጆቹ ሲመጣ አስቀድሞ ሰላምታ የሰጠው እርሱ ነው፣ ጌታው። ሩት ስትቃርም ደግሞ ከነዶው ሆን ብለው እንዲተዉላትና እንዳይወቅሷት አዘዘ። የቸገረውን ሠራተኛ በሰው ፊት «እኔ ባልኖር» እያሉ የሚረዱ አሠሪዎች አሉ፤ ያንን ገንዘብ ባይሰጡት ይሻል ነበር እላለሁ። ዝም ብላችሁ ጨምሩለት።

ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር በሽርክና የጀመራችሁ፣ ውል ጻፉ። «በመካከላችን እግዚአብሔር አለ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። በአል በቀራ ምዕራፍ ያለው 282ኛው አንቀጽ ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ በጽሑፍ ይስፈር፣ ምስክር ይቁም የሚል ነው። ሃይማኖተኛ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲጽፉ ነው የታዘዙት። ማን ስንት አዋጣ፣ ማን ደመወዝ ይወስዳል፣ አንዱ ቢሞት ድርሻው ለማን ይሄዳል፤ እነዚህን ሦስቱን ሰላም ሳላችሁ ጻፉ።

ንግድ ይዘጋልም። ይህን የሚነግራችሁ አነቃቂ ተናጋሪ ስለማይኖር እኔ ልንገራችሁ። በየመድረኩ «ዘንድሮ የከፍታህ ዓመት ነው» ተብሎለት በዚያው ዓመት የዘጋ ሰው እግዚአብሔር ትቶኛል ብሎ ቤቱ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ኪራይ ጨምሮ ይሆናል፣ ዕቃው ውጭ ምንዛሪ አጥቶ ይሆናል፣ ቦታው አልሆነ ይሆናል፤ ከእምነት ማነስ ጋር ምን አገናኘው? መዝጋት ካለባችሁ ገንዘብ ጨርሶ ከማለቁ በፊት ዝጉ፣ ለሰዎቻችሁ የሚሰጥ ሳይጠፋ። በሠራተኛ ሕጋችን መሠረት የሠራተኛ ክፍያ ከሌላው ዕዳ ሁሉ ይቀድማል፤ ዘሌዋውያንና አዋጁ እዚህ ላይ ተስማምተዋል። ያልገባውን ጡረታ አስገቡ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያቸውን ጽፋችሁ ስጡ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚመሰክር ወረቀት፣ አውጡ፣ ንግድ ፈቃዱን መልሱ። ሱቁን ቆልፎ ፈቃዱን ሳይመልስ የሄደ ሰው ከዓመታት በኋላ ሌላ ሥራ ሊጀምር ሲመጣ የግብር ዕዳና ቅጣት ቆልሎ ይጠብቀዋል፤ እዚያ ላይ ለደረሰ ሰው እኔም ብዙ ማድረግ አልችልም።