ለክረምት ከውጭ አገር ውሻ ይዛችሁ አዲስ አበባ ለምትመጡ፦ ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ

ይህን የምጽፍላችሁ ውሻዬ ቦቢ ከአንድ ቁራጭ የበቆሎ ቆረቆንዳ ለጥቂት ስለተረፈ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ስትወርዱ መንገዱ ዳር በቆሎ ይጠበሳል፤ የተበላው ቆረቆንዳም እዚያው ይወድቃል። ውጭ አገር ያደገ ውሻ ሲያገኘው አፈፍ አድርጎ ይውጠዋል። ቆረቆንዳ አንጀት ውስጥ አይፈጭም፤ ራጅ ላይም እንደ አጥንት ጎልቶ አይታይም። ውሻችሁ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ምግብ ከጠላ፣ ሆዱን ስትነኩት ከሸሸ ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ የትል መድኃኒት እየሰጠሁ ሁለት ቀን አባክኛለሁ። መንገድ ላይ ሲያላምጥ ማየቴን ቀድሜ ለሐኪሙ ብናገር ኖሮ በአልትራሳውንድ ያኔውኑ ይታይለት ነበር።

ቆረቆንዳው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ውሻው ከማደንዘዣው ሲነቃና ጭራውን ሲቆላ "ተመስገን፣ አለቀ" እንላለን። አላለቀም። የተሰፋው አንጀት ይበልጥ የሚያሰጋው ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ስፌቱ ከተከፈተ አንጀት ውስጥ ያለው ቆሻሻ ሆድ ዕቃው ውስጥ ይፈሳል፤ ቶሎ ካልተደረሰለትም ይሞታል። እባካችሁ በእነዚያ ቀናት የሰርግ ጥሪም ሆነ የቤት ጉዳይ አትያዙ፤ አጠገቡ ሁኑ። ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ጠዋትና ማታ በፊንጢጣው ለኩት። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ39.5 ካለፈ፣ እንደገና ካስመለሰ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ሲበላ ቆይቶ ምግቡን ከተወ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ። ለዚህም ከክሊኒኩ ሳትወጡ ማታ ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሰገራ ግን ሁለት ሦስት ቀን ቢዘገይ ብቻውን አያስደነግጣችሁ፤ ሆዱ ባዶ ነበር።

እኔን ያልጠበቅሁት ነገር የገጠመኝ ቤት ውስጥ ነው። በአራተኛው ቀን ቦቢ ሲቅለሰለስባቸው አክስቴ አንጀታቸው አልችል አለ። "ልጄ፣ ይኼ ፍጥረት በሩዝ ብቻ እንዴት ይድናል?" እያሉ ከወጥ የወጣ አጥንት ሊሰጡት ሲሉ ደረስኩ፤ ጮህኩባቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በእኛ ቤት ለታመመ ማጉረስ መውደድ ነው፤ ከውጭ የመጣ ልጅ "እንዳትነኩት!" ሲል ደግሞ ይከፋቸዋል። ማታ ቁጭ ብዬ አጥንት የተሰፋውን እንደሚቀድ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም እንደሚያበላሽ ሳስረዳቸው ከእኔ የባሰ ጠባቂ ሆኑ። ዘበኛውን ያስጠነቀቁት እሳቸው ናቸው። እናንተ ግን እንደ እኔ እስክትጣሉ አትቆዩ፤ ውሻው ቤት በገባበት ቀን ቡና ሲፈላ ለሁሉም ንገሩ።

ምግቡ ቆዳና ስብ የሌለው የተቀቀለ የዶሮ ደረት ከለሰለሰ ሩዝ ጋር ነው፤ ጨው፣ ቅቤ፣ በርበሬ የለበትም። በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጡት። ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር ጨጓራው ይረፍ ብላችሁ አታስርቡት፤ አንጀት እየበላ ነው የሚጠገነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከመጣችሁ ደግሞ ፍልሰታ ነው። በጾም ቤት የእናታችሁን ድስት በዶሮ አታስነኩ፤ ለውሻው የራሱን ትንሽ ድስትና ማንኪያ ገዝታችሁ በረንዳ ላይ ቀቅሉ። ሥጋ ቤቶች ቢዘጉም ሱፐርማርኬት ውስጥ የቀዘቀዘ ዶሮ ይገኛል።

ከሻንጣችሁ መድኃኒት አውጥታችሁ አትስጡት። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያንኑ የተሰፋ አንጀት ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞልም ጉበቱን። ለሕመሙ ሐኪሙ ያዘዘለት ብቻ ይበቃል።

ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚታሰረውን ፕላስቲክ ካጣችሁ የድሮ ራጅ ፊልም ጠቅልላችሁ፣ ጠርዙን በፕላስተር አለስልሳችሁ እሰሩለት፤ ለእኔ ሠርቶልኛል። ስፌቱ እስኪወጣ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዳታወልቁበት። ሆዱ ተላጭቷልና በክረምት ብርድ ሲሚንቶ ላይ አይተኛ፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ አንጥፉለት። መታጠብ፣ መሮጥ፣ ሶፋ ላይ መዝለል የለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ደረጃውን ተሸክማችሁ አውርዱት፤ በገመድ ይዛችሁ አሸንታችሁ ተመለሱ።

የመመለሻ ትኬታችሁ ከስፌቱ መውጫ በፊት ከሆነ አራዝሙት፤ ሲራዘም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ቀን እንዳያልፍ የምስክር ወረቀቱን ተመልከቱ።

የቦቢ ስፌት በ13ኛው ቀን ወጣ። ዛሬም ግንፍሌ በኩል ስናልፍ አፉ ላይ መተንፈሻ ያለው ማሰሪያ አደርግለታለሁ። በቆሎ የሚጠብሱት እናቶች ታሪኩን ሰምተው ስንመጣ ገና ከሩቅ ሲያዩን ቆረቆንዳውን ከመንገዱ እያነሱ ጆንያ ውስጥ ይከቱልናል።