«ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ያደገ ልጅ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የምሠራው በሥነ ልቦና ምክር ላይ ነው። በልጅነት የደረሰ ጉዳት ትልቅ ሰው ሆነን ስለሚያመጣብን ሀፍረት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ፤ ስማችሁን ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ያደግኩት አክስቴ ቤት ነው። አልተራብኩም፣ ተምሬያለሁም። ግን «የሰው እንጀራ እየበላሽ» መባል የዕለት ምግቤ ነበር። አሁን የራሴ ቤትና ሥራ አለኝ። ጓደኛዬ ምሳ ስትጋብዘኝ ግን ሰው ሳያዘኝ ተነስቼ ሳህን አጥባለሁ። ካላጠብኩ ይጨንቀኛል። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅ የሚያሳድገው ሰው ሲበድለው «እነሱ ናቸው ክፉዎቹ» ማለት ይከብደዋል። የሚበላውም የሚተኛውም እነሱ ዘንድ ነው፤ እነሱ ክፉ ከሆኑ መግቢያ የለውም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ካለ ግን ተስፋ ያገኛል፤ ጎበዝ ብሆን ይወዱኛል ይላል። አንቺም ጎበዝ ሆንሽ፣ ሳህን አጠብሽ። ያኔ በዚያ ቤት ለመኖር ያገኘሽው ዘዴ ይህ ነበር፣ ብልህ ልጅ ነበርሽ።

ጓደኛሽ ግን የጠራችሽ ስለምትወድሽ ነው። በሚቀጥለው ስትጋበዢ ቡናው በረካ እስኪደርስ ከወንበርሽ አትነሺ። መጀመሪያ ላይ ደረትሽን ጭንቅ ይለዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይበርዳል። አንዴ የጓደኛሽን ፊት ቀና ብለሽ እዪው። ሳህኑ ሳይታጠብም ስቃ ስታወራሽ ታገኛታለሽ።

ጥያቄ፦ ሀፍረትና ጥፋተኝነት አንድ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ አይደሉም። ጥፋተኝነት «ያደረግኩት ልክ አይደለም» ይላል፤ ይቅርታ ያስጠይቃል፣ ያስክሳል። ሀፍረት «እኔ ራሴ ልክ አይደለሁም» ይላል፤ ስለዚህ ያስደብቃል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ሊቅ ሄለን ብሎክ ሉዊስ በ1971 እ.ኤ.አ. ይህን ልዩነት በሰፊው ጽፋበታለች። ልጅ «ይህን አትድገም» ሲባል ስለ ሥራው ይሰማል። «አሳዳጊ የበደለው» ሲባል ግን ስለ ራሱ ነው የሚሰማው፣ ያ ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

ጥያቄ፦ ሁላችንም በቁንጥጫና በበርበሬ ጭስ ነው ያደግነው። ምን ሆንን ታዲያ?

መልስ፦ ብዙዎቻችን ቆመን እየሄድን ነው፣ እውነት ነው። ግን በ1998 እ.ኤ.አ. ውጤቱ መውጣት የጀመረ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። ሳንዲዬጎ ውስጥ ከ17,000 በላይ አዋቂዎች ከ18 ዓመታቸው በፊት ስለደረሰባቸው ድብደባ፣ ስድብ፣ ቸልተኝነትና የቤት ውስጥ ጠብ ተጠየቁ። የችግሩ ዓይነት በበዛ ቁጥር ድባቴው፣ መጠጡ፣ የልብ ሕመሙ ሳይቀር በዝቶ ተገኘ። ይህ በብዙ ሰው ላይ የታየ ዝንባሌ ነው እንጂ የአንድን ሰው ዕጣ አይናገርም። የሚያስብልህ አንድ አያት ወይም አስተማሪ ከነበረህ ብዙ ነገር ይለወጣል። የበርበሬውን ጭስ ግን «አሳደገን» ብለህ አታመስግንብኝ። ያሳደገህ እሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ድምጿን ከፍ ስታደርግ አንደበቴ ይታሰራል። ለቀናት ዝም እላለሁ። እሷ «ንቀኸኝ ነው» ትላለች። አባቴ ሲሰክር ይደበድበን ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአባቱን ኮቴ ከበር ሰምቶ ትንፋሹን የሚውጥ ልጅ ዝምታ መትረፊያው ነው። ሰውነትህ አሁንም ያንን ያደርጋል። ባለቤትህ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? የምታየው የተዘጋ ፊት ነው። ጠብ በሌለበት ቀን ቁጭ በሉና የልጅነትህን ነገር ንገራት። ጠብ ሲነሳ ደግሞ ይህችን ብቻ በል፦ «ንቄሽ አይደለም፣ አሁን መናገር አቅቶኝ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንነጋገር።» ሰዓቱ ሲደርስ አንተ ራስህ ሂድ። እሷ እስክትጠራህ ከጠበቅክ ቃሉ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ያለሁት ዱባይ ነው። በየወሩ ለቤተሰብ እልካለሁ። ለራሴ ጫማ ስገዛ ግን የሰረቅኩ ይመስለኛል።

መልስ፦ የማንን ገንዘብ ሰረቅሽ? ከትንሽነትሽ ጀምሮ የቤቱን ሸክም ከተሸከምሽ ለራስሽ ያወጣሽው ሁሉ ከሌላ ሰው የነጠቅሽው ይመስልሻል። የምትልኪውን መጠን አስቀድመሽ ወስኚ። የተረፈው ያንቺ ነው። ጫማውን አድርጊው።

ጥያቄ፦ እኔ ስመታ ነው ያደግኩት። አሁን ልጄን እመታለሁ፣ ማታ ሲተኛ ደግሞ አለቅሳለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ይህ ለቅሶ የጥፋተኝነት ነው፣ ይቅርታ የሚያስጠይቀው ጠቃሚው ዓይነት፤ ግን ልጁ አልሰማውም። ጠዋት ዝቅ ብለሽ ዓይኑን እያየሽ «መምታቴ ጥፋት ነው፣ የእኔ ጥፋት ነው» በዪው። «አንተም እኮ ስታበዛው» የሚለውን አትጨምሪ፤ እሷን ከጨመርሽ ጥፋቱን መልሰሽ ለሱ ሰጠሽው። ንዴቱ ሲመጣብሽ ከክፍሉ ውጪ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ካቃተሽ ብቻሽን አትታገዪ። አዲስ አበባ ካለሽ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። «እብድ ናት» ይሉኛል ብለሽ አትቅሪ፤ ልጄን መምታት ማቆም አቃተኝ ብሎ ሐኪም ማማከር ነውር የለውም።