4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ፣ ለኡቡንቱ የትኛው ብሮውዘር ይሻላል?

ጥያቄው፦ «ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ስለተቋረጠ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ 24.04 ጫንኩ። ፋየርፎክስ ለመከፈት ይዘገያል፣ ክሮም ራሙን ይጨርሰዋል፣ ዩቲዩብም ይቆራረጣል። የቱን ልጠቀም?»

ወንድሜ፣ ባጭሩ ዋናው ብሮውዘርህ ፋየርፎክስ ይሁን፤ ግን አሁን ያለህ ሳይሆን በዴብ ፓኬጅ (በኡቡንቱ የተለመደው የፕሮግራም መጫኛ ፋይል) የተጫነው። በፋየርፎክስ አልከፈት ለሚሉ ድረ ገጾች ብሬቭን ወይም ክሮምን በመጠባበቂያ ያዝ። ሰው የሚከራከረው በብሮውዘሩ ስም ላይ ነው። እንዳንተ ባለ ማሽን ላይ ለውጥ የሚያመጣው ግን ብሮውዘሩ በምን መንገድ እንደተጫነና የቪዲዮውን ሥራ ማን እንደሚሠራው ነው።

ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስን የሚያቀርበው በስናፕ ነው። ስናፕ ፕሮግራሙን ከነጓዙ በአንድ የታመቀ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ኮምፒውተሩን ካስነሳህ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍተው የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው፤ ዲስክህ ኤስኤስዲ ካልሆነማ ይብስበታል። በዚያ ላይ ስናፕ ሳይጠይቅ ከጀርባ ራሱን ያድሳል። በሞባይል ዳታ የምትጠቀም ከሆነ ፓኬጅህ የት እንደገባ ሳታውቅ ያልቃል። ስናፕን ጨርሶ ባታጠፋውም፣ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ስናፕ ሪፍሬሽ» የሚለውን ትዕዛዝ «ሆልድ» ከሚለው አማራጭ ጋር ብታስገባ እድሳቱ እስክትፈቅድለት ይቆማል። ከዚያ ዋይፋይ ስታገኝ በእጅህ አድስ፤ ሳይታደስ የሚከርም ብሮውዘር አደገኛ ነው።

ወደ ዴብ ለመቀየር፣ ከሁሉ በፊት ቡክማርክና ፓስወርድህን አትርፍ። ፋየርፎክስን ዝጋ፣ የፋይል ማሳያው ላይ ኮንትሮልና ኤች ተጫን፣ የተደበቁት ፎልደሮች ይታያሉ። የስናፑ ፕሮፋይል ያለው በሆም ፎልደርህ ስናፕ፣ ፋየርፎክስ፣ ኮመን እያልክ ስትገባ በምታገኘው ነጥብ-ሞዚላ ፎልደር ውስጥ ነው። ያንን ሙሉውን ወደ ሆም ፎልደርህ ኮፒ አድርግ። ከዚያ የስናፑን ፋየርፎክስ አስወግድና ሞዚላ በድጋፍ ገጹ ላይ የሰጣቸውን ትዕዛዞች በተራ አስገባ፦ የፊርማ ቁልፉን ማውረድ፣ የሞዚላን ሪፖዚተሪ (ፕሮግራሞቹ የሚወርዱበትን ማከማቻ) መጨመር፣ ለእሱ ቅድሚያ የሚሰጠውን ፋይል መጻፍ፣ ዝርዝሩን ማደስ፣ መጫን።

ብዙ ሰው የሚዘለው ያንን የቅድሚያ ፋይል ነው። ከዘለልከው «ጫንኩት» ብለህ ስታበቃ ተመልሶ የሚመጣው ስናፑ ነው። ምክንያቱም ኡቡንቱ ውስጥ ፋየርፎክስ የሚባለው ፓኬጅ ባዶ ነው፣ ሥራው ስናፑን መጥራት ብቻ ነው። የስሪት ቁጥሩም መጀመሪያ ላይ «1» እና ሁለት ነጥብ ስላለው፣ ፓኬጅ የሚጭነው የኡቡንቱ መሣሪያ አፕት ከሞዚላው ምንጊዜም አዲስ አድርጎ ያየዋል። ይህን የሚሽረው ለሞዚላ ሪፖዚተሪ 1000 ቅድሚያ ስትሰጠው ነው። በአጋጣሚ በኡቡንቱ ፈንታ ሊኑክስ ሚንትን ብትመርጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም፤ እነሱ በዴብ ነው የሚያቀርቡት።

አሁን ወደ ዩቲዩብ። ያንተ ግራፊክስ ኤች 264 የተባለውን የቪዲዮ ዓይነት በራሱ መፍታት ይችላል፣ ዩቲዩብ በብዛት የሚልከውን ቪፒ 9 ግን በቅጡ አይችልም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። መፍትሔው ኤች 264 ፋይ የሚባለውን ኤክስቴንሽን መጫን ነው፤ ዩቲዩብ ኤች 264 ብቻ እንዲልክ ያስገድደዋል። ጥራቱ ከ1080 አይዘልም፣ ላንተ ስክሪን ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። ለ4ኛ ትውልድ የሚያስፈልገው ድራይቨር አይ 965 የሚባለው የቪኤ ድራይቨር ነው፣ አዲሱ የኢንቴል ሚዲያ ድራይቨር የሚጀምረው ከ5ኛ ትውልድ ነው። መሥራቱን ለማየት ፋየርፎክስ ሜኑ ላይ ሄልፕ ውስጥ «ሞር ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» ክፈትና ሚዲያ የሚለው ክፍል ውርድ፤ ከኤች 264 ትይዩ ሃርድዌር ዲኮዲንግ መደገፉን ይነግርሃል።

ክሮም፣ ክሮሚየም፣ ብሬቭ፣ ቪቫልዲ፣ ኤጅ ሁሉም ከአንድ ሞተር የተሠሩ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በመዝለል የምታተርፈው ራም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ራም የሚያተርፈው ማስታወቂያ ማገድ ነው። ክሮም ዩብሎክ ኦሪጂን የተባለውን የድሮውን የማስታወቂያ ማገጃ ከልክሎታል፣ የሚቀበለው አቅሙ የተቀነሰውን ላይት ብቻ ነው። ፋየርፎክስ ላይ ሙሉው ይሠራል። ብሬቭ ማገጃው አብሮት የተሠራ ስለሆነ ለመጠባበቂያ የማስቀድመው እሱን ነው። ክሮሚየምን ግን ኡቡንቱ ላይ ተወው፤ እሱም ስናፕ ነው፣ የጉግል ሲንክም (ከጉግል አካውንት ጋር ማመሳሰል) ከ2021 ጀምሮ የለውም። ፋልከንና ግኖም ዌብ ቀላል ናቸው ይባላል፣ ፌስቡክን ስትከፍትባቸው ግን ክብደቱ የገጹ መሆኑ ይገባሃል።

ክሮም ወይም ብሬቭ በከፈትክ ቁጥር የኪሪንግ ፓስወርድ ከጠየቀህ፣ ኮምፒውተሩ ያለ ፓስወርድ እንዲገባ አድርገኸዋል ማለት ነው። ኪሪንጉ፣ ማለትም የፓስወርዶችህ መቆለፊያ፣ የሚከፈተው ስትገባ በምትጽፈው ፓስወርድ ስለሆነ ተቆልፎ ይቀራል። አውቶማቲክ መግቢያውን አጥፋው። የኪሪንጉን ፓስወርድ ባዶ አድርግ የሚሉህም አሉ፤ ይሠራል፣ ግን የተቀመጠው ሁሉ ያለ መቆለፊያ ይቀራል። ፋየርፎክስ ፓስወርድ የሚያስቀምጠው በራሱ ፋይል ስለሆነ ይህን አይጠይቅም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ከኢንተርኔት ወርዶ ሆም ፎልደር ውስጥ የተፈታ ክሮሚየም «ሳንድቦክስ የለም» ብሎ አልከፈት ሊል ይችላል፣ የኡቡንቱ የደህንነት ጠባቂ የሆነው አፕአርሞር ስለሚከለክለው። «ኖ ሳንድቦክስ» የሚለውን ጨምረህ ክፈት የሚል ምክር አትስማ፤ ድረ ገጽን ከኮምፒውተርህ የሚለየውን አጥር ማፍረስ ነው። ከየድርጅቱ ሪፖዚተሪ በዴብ ስትጭነው ችግሩ የለም።

የአማርኛ ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየህ ደግሞ ፎንትስ ኖቶ ኮር የሚባለውን ፓኬጅ ጫን፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አብሮ ይገባል። ፋየርፎክስ ሴቲንግ ላይ ፎንትስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ብለህ «ኢትዮፒክ» የሚለውን ከመረጥክ ለአማርኛ ብቻ ፎንቱንና ትንሹን መጠን ለይተህ መወሰን ትችላለህ።