ጥቁሩን እንጨት እንዳትገዢ

እህቴ፣ «ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ክረምት ጓሮዬ ላይ ውሃ ይተኛል፤ እንደ ባቡር ሐዲድ ባለ ወፍራም እንጨት ከፍ ያለ የአትክልት መደብ ልሠራ ነው፤ ምን ዓይነት ልግዛ?» ብለሻል። እኔ ቡሬ ነኝ፤ ጓሮዬም እንዳንቺው ነበር። ብሬን ከበላው ልጀምር።

1. መድኃኒት የጠጣ ጥቁር እንጨት እንዳትነኪ። በፎቶ የምናየው አሮጌ የሐዲድ እንጨት ክሪዮሶት በሚባል ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ዘይት የተነከረ ነው። እኛ ጋ ሐዲድ የለም፤ እሱን የሚመስል አሮጌ የመብራት ምሰሶ ግን ይገኛል። ሻጩ «ምስጥ አይደፍረውም» አለኝ። ለምን እንደማይደፍረው አልነገረኝም። ስድስት ምሰሶ ገዝቼ አስቆረጥኩ።

ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ እንጨቱ ጥቁር ላብ ያልበው ጀመር። ሽታው አዲስ አስፋልት ነው። ልጄ ጎመን ልትቀነጥስ ተደግፋው ስትነሳ ክንዷ ላይ ተለጠፈ፤ በሳሙናም አልለቅ አለ፤ ቆዳዋ ቀላ። ያን ዕለት ጎመኑን ነቅዬ ጣልኩ፤ ለከብት እንኳ አልሰጠሁም። እናቴ እንጨቱን ለእንጀራ ምድጃ ልውሰደው ስትል ከለከልኳት፤ ጭሱም መርዝ ነው። ሻጩ ጋ ስመለስ «እንጨት እንጂ እንጀራ አልሸጥኩህም» ብሎ አባረረኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

2. ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ የኔን ግን ምስጥ በሁለት ክረምት ጨረሰው። ጥድ ፈልጊ። አዲስ ሳይሆን አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣውን። እኔ ከፈረሰ ቤት ወጋግራና ምሰሶ ገዛሁ። ላዩ በጭስ የጠቆረ ነው፤ በመጋዝ ሲከፈት ውስጡ ቀይ፣ ሽታው ግቢውን ሞላው። የሻጩን ወረቀት ያዢ ግን! ኬላ ላይ «ከጫካ የተቆረጠ ነው» ብለው ግማሽ ቀን አቆሙኝ። የድሮ ምስማር ቀዳዳውን በጣቴ እያሳየሁ ነው የለቀቁኝ።

3. እንጨቱ መሬት እንዳይነካ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፊ። ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ20 አይለፍ፤ ከሁለቱም ጎን እጅሽ መሐሉ ይድረስ። ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ቀይ አፈራችን አሲዳማ ነውና ከበሰለ ፍግ ሌላ ትንሽ ኖራ ያስፈልገዋል።

ዘንድሮ አራተኛ ክረምቱ ነው። አንድም እንጨት አልተበላም፤ ጎረቤቴ ጓሮ ውሃ ሲተኛ የኔ ካሮት ቀጥ ብሎ ይወጣል። የጓሮሽን ርዝመትና ስፋት ጻፊልኝ፤ ስንት እንጨት እንደሚበቃሽ አሰላልሻለሁ።