መልስ፦ ክሊፑ ዘፈኑን ያሳያል ወይስ ይሸፍነዋል?

ወንድሜ፣ «ክሊፕ ዘፋኙንና ዘፈኑን በእውነት ያሳያል ወይ?» ላልከው፣ ለእኔ ግጥሙን ካከበረ ያሳያል።

አንድ እሁድ ማለዳ ፒያሳ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ቀረጻ አየሁ። ዘፈኑ ከድምፅ ማጉያው በእጥፍ ፍጥነት ይጮኻል። ዘፋኙ ልጅ ግጥሙን እየተጣደፈ ይከተላል፤ አንገቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በሴኮንድ 50 ምስል ተቀርጾ በ25 ሲታይ ግን ከንፈሩ ከዜማው ጋር ይገጥማል፣ እርምጃውም ዝግ ይላል። ያ የምንወደው እርጋታ እንዲህ ነው የሚሠራው። ማታለል አልለውም። ትዝታ የሚዘፍን ሰው ዝግ ብሎ ቢራመድ ያምርበታል።

እኔን የሚያናድደኝ፣ ስለ እናት ናፍቆት እየተዘፈነ የኪራይ መኪና ኮፈን ላይ ጉብ ሲባል ነው። ያኔ ዘፋኙም ዘፈኑም ይጠፉብኛል። እስቲ መጀመሪያ ዓይንህን ጨፍነህ ስማው፣ ከዚያ ክሊፑን እየው።