«ልጄን ሊያፈዙብኝ ነው?»

የአንባቢያን ጥያቄ እና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ መልስ

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከእስራኤል፣ ከናታንያ ከተማ ነው። የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሆዷን እየቆረጣት ከሳምንቱ ሁለትና ሦስት ቀን ትቀራለች። የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ በመጨረሻም በካሜራ የጨጓራ ምርመራ ተደረገላት። መልሱ ሁሉ «ምንም የለባትም» ነው። ሰንበት ቀን አያማትም፤ በበጋው ዕረፍትም ደህና ነበረች። ወንድሞቿ በዚህ የተነሳ «አስመሳይ» ይሏታል። አሁን ሐኪሟ «ሂፕኖዛ እንሞክር» አለችን። እናቴ ይህን ስትሰማ «አፍዝ አደንግዝ ነው፤ ልጅቷን አሳልፋችሁ እንዳትሰጡ» ብላ አለቀሰች። እኔም ፈራሁ። ልጄ ግን መሞከር ትፈልጋለች። ምን ላድርግ?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንድመለስበት ያደረገኝ «አስመሳይ» የሚለው ቃል ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ልጅዎ አታስመስልም። ሕመሙ ሰንበት ቀን መጥፋቱ የውሸት ምልክት አይደለም። አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው፤ ከአንጎል ጋርም ቀን ከሌት ይነጋገራል። በአንዳንድ ልጆች ይህ መስመር ከልክ በላይ ንቁ ይሆንና ሌላው ሰው ልብ የማይለውን የአንጀት እንቅስቃሴ እነርሱ እንደ ቁርጠት ይሰሙታል። ጭንቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ካሜራ ቁስልን ያሳያል እንጂ ይህን አያሳይም። «ሆዴ ባር ባር አለኝ»፣ «አንጀቴ ተላወሰ» የምንል ሕዝቦች ይህን ለመረዳት ከማንም የቀረብን ነን። ወንድሞቿን ዛሬ ማታ ቁጭ አድርገው ይህን ይንገሩልኝ። ሐኪሟ «ሂፕኖዛ» ካለችው ከሂፕኖሲሱ በፊት የሚቀድም ሥራ ነው።

ወደ አያቷ ልምጣ። አፍዝ አደንግዝ ሲባል ሁላችንም እየሰማን ያደግነው ታሪክ አለ። አንዱ መንገድ ላይ ያስቆምሃል፣ የሆነ ነገር ያሳይሃል፣ ስትነቃ ወርቅህም ገንዘብህም የለም። ይህን ሰምተው ያደጉ እናት የልጅ ልጃቸው «ትፈዛለች» ሲባሉ ቢያለቅሱ አይፈረድባቸውም። ጥርጣሬው የእርሳቸው ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1784 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ፣ ፍራንዝ አንቶን መስመር የተባለው ሐኪም በፓሪስ ያስፋፋውን፣ የዛሬው ሂፕኖሲስ መነሻ የሆነውን «የማግኔት ኃይል» ፈውስ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁመው ነበር፤ ከአባላቱ አንዱ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነበሩ። ኮሚሽኑ ምንም ዓይነት ስውር ኃይል አላገኘም። ሰዎቹ ላይ የታየውን ለውጥ ያመጣው የራሳቸው ምናብ ነው ሲል ደመደመ። በጊዜው ይህ ለሐኪሙ ለመስመር ውርደት ነበር። እኔ ግን ከሁሉም ትልቁ ግኝት ይህ ነበር እላለሁ። ምናብ አካልን ይህን ያህል የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ አንድ ልጅ ምናቡን ለራሱ ጥቅም እንዲያውለው ማስተማር ይቻላል ማለት ነው።

ስሙም ያሳስታል። «ሂፕኖስ» በግሪክ እንቅልፍ ማለት ነው፤ ልጅቷ ግን አትተኛም። ለእናትዎ ሲያስረዱ እንዲህ ቢሏቸው ይገባቸዋል፦ ድሮ ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የተቀመጠ ልጅ፣ ጅቡ አህያዋን ሊበላ ሲቃረብ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እናቱ ከጓዳ ስትጠራው አይሰማም። ግን አልተኛም፣ አልፈዘዘም፣ ምስጢሩንም አይለፈልፍም። ቤቱ ቢቃጠል ከማንም ቀድሞ ይነሳል። ሂፕኖሲስ የሚባለው ያ ሁኔታ ነው። ተረቱ ግን ስለ ራሷ ሆድ ይሆናል።

ከክፍሌ ያየሁትን ልንገርዎ። ልጁ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬአለሁ። የ16 ዓመት ወንድ ልጅ ነበር፤ እንደ ልጅዎ በምርመራ ምንም ያልተገኘበት። ከመስኮቴ ውጭ ብረት የሚበይዱ ሰዎች ስላሉ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። «ዓይንህን መጨፈን ካልፈለግህ ተወው፤ መነሳት ስትፈልግ ተነሳ» አልኩት። ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ መርጦ አፈጠጠበት፤ ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ራሱ ተከደነ። ትከሻው ወረደ፤ ትንፋሹ ረዘመ። «ሕመምህ የሚታይ ነገር ቢሆን ምን ይመስላል?» ብዬ ጠየቅሁት። እኔ እሳት ወይም ቢላዋ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «የግቢያችን ቧንቧ» አለኝ። ሌሊት ውኃ ሲለቀቅ ባዶው ቢጫ ጀሪካን ውስጥ የሚወርደው ድምፅ።

እዚያው ቧንቧው ላይ ቆየን። ቀዝቃዛውን መዝጊያ እንዲጨብጥ፣ ሩብ ዙር ብቻ እንዲያጠብቅ፣ ድምፁ ሲቀንስ እንዲያዳምጥ ነገርኩት። የቀኝ እጁ ጣቶች ጭኑ ላይ ቀስ ብለው ሲዞሩ አየሁ። ሕመሙ በዚያን ቀን አልጠፋም። «ከሰባት ወደ አምስት ወረደ» አለኝ። ቤቱ በየማታው 10 ደቂቃ እንዲለማመድ ተስማማን። በአራተኛው ሳምንት መጥቶ፣ ታክሲ ውስጥ ቁርጠቱ ሲጀምረው ዓይኑን ሳይጨፍን፣ ማንም ሳያውቅበት ቧንቧውን እንዳጠበቀው ነገረኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ምክንያቱም እኔ ታክሲው ውስጥ አልነበርኩም። በአፍዝ አደንግዝ ታሪክ ውስጥ አዋቂው ሌላ ሰው ነው። እዚህ ግን ቧንቧውን የመረጠውም ያጠበቀውም ልጁ ነው።

የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ ይዘው እንዲወስኑ አልፈልግም። በኔዘርላንድስ አሪኔ ፍሊገር የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ልክ የልጅዎን ዓይነት ሕመም ይመለከታል። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 18 የሆኑ 53 ልጆች ነበሩ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ፤ ግማሾቹ በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ሂፕኖቴራፒ (በሂፕኖሲስ የሚሰጥ ሕክምና) ተደረገላቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ በሂፕኖቴራፒው በኩል 85 በመቶው ከሕመማቸው ተገላግለው ተገኙ፤ በሌላው በኩል 25 በመቶው ብቻ። አምስት ዓመት ገደማ ቆይተው ሲጠይቋቸው 68 በመቶ ለ20 በመቶ ነበር። የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ይህን አልደብቅዎትም። ነገር ግን በ2017 በዚያው አገር 260 ልጆችን ያካተተ ሌላ ጥናት ወጣ። ባለሙያ ዘንድ ከሄዱት 71 በመቶው፣ ቤታቸው ሆነው በሲዲ ከተለማመዱት ደግሞ 62 በመቶው ከአንድ ዓመት በኋላ ተሽሏቸዋል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ልጅ በገዛ አልጋው ላይ ሆኖ የሚሠራው ነገር መሆኑን ያሳያልና።

ዕድሜዋም ይረዳታል። ለሂፕኖሲስ የመመቸት ችሎታ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ አካባቢ ከፍ ይላል፤ በ15 ዓመቷም ገና ብዙ አላት።

ስለ ባለሙያው ምርጫ፣ እርስዎ ባሉበት አገር ነገሩ ቀላል ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሂፕኖሲስ ሕግ አላት፤ ፈቃድ የሚያገኙት ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና የጥርስ ሐኪሞች ናቸው። ፈቃዱን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። እዚህ አገር ቤት ላሉ አንባቢዎቼ ደግሞ አንድ መመዘኛ እሰጣለሁ፦ ይህ ሰው ሂፕኖሲስ ባይኖር ኖሮ ልጄን ማከም ይችል ነበር ወይ? መልሱ «አይችልም» ከሆነ አትሂዱ። የሌለ ነገር የሚያይ ወይም የሌለ ድምፅ የሚሰማ ልጅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ይየው፤ ሂፕኖሲስ ለእርሱ አይሆንም።

ከእርስዎ የምፈልገው ሌላም አለ፤ ለእናት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ጠዋት «ሆድሽ እንዴት አደረ?» ብለው አይጠይቋት። በሕመሙ ላይ ባተኮርን ቁጥር ልጆች ሕመሙን ይበልጥ እንደሚሰሙት፣ ወሬውን ስናዞርላቸው ደግሞ እንደሚቀልላቸው በጥናት ታይቷል። ስለ ቁርሷ፣ ስለ ጓደኛዋ፣ ስለ ፀጉሯ ያውሯት። ቢያማትም ለሁለት ሰዓት እንኳ ትምህርት ቤት ትግባ። እና አንድ ቀን፣ እርስዎ ሰሃን እያጠቡ እርሷ እያደረቀች፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ይጠይቋት። ስለ ቆዳዋ ወይም ስለ አነጋገሯ የሚናገራት ሰው ካለ፣ ያንን በምናብ ብቻ ልንዘጋው አይገባም፤ እርስዎ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው።

ክብደቷ ከቀነሰ፣ ሰገራዋ ላይ ደም ከታየ፣ ሕመሙ ከእንቅልፏ ከቀሰቀሳት ወይም ትኩሳት ካላት ግን የእኔን ጽሑፍ አስቀምጠው በዚያው ቀን ወደ ሐኪሟ ይመለሱ።

ልጅዎ ፈቅዳለች፤ ያለ ፈቃዷ ቢሆን ኖሮ «ይቅርባት» እል ነበር። ትጀምር። ከመጀመሪያው ቀጠሮ ስትመለስም ምን እንዳየች ለአያቷ ራሷ ትንገራት። እርስዎ አይናገሩላት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 19 ነው፤ የምኖረው ደሴ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልተሳካልኝም፤ ዘንድሮ በድጋሚ እፈተናለሁ። ያጠናሁት ሁሉ ፈተናው ክፍል ስገባ እንደ ተጠረገ ሰሌዳ ይጠፋብኛል። በቴሌግራም ያገኘሁት ሰው «በሂፕኖሲስ ትምህርቱን አንጎልህ ላይ አትመዋለሁ» ብሎ 3,000 ብር ጠየቀኝ። ልላክለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትላክ። ያልተጠና ነገር በሂፕኖሲስ አይገባም። ያጠናኸው ደግሞ አልጠፋም፤ ድንጋጤው በሩን ዘግቶበት ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ እንዳንተ ያሉ ብዙ ልጆች መጥተውልኛል። ከቤት ርቆ፣ በማያውቁት አልጋ አድሮ፣ በር ላይ ተፈትሾ መግባት ለማንም ይከብዳል። እያንዳንዳቸው የሚለማመዱትን ላንተም እነግርሃለሁ፤ ዋጋው በቀን 10 ደቂቃ ነው።

ማታ ከመተኛትህ በፊት ተቀመጥ። ወደ ውስጥ እስከ አራት፣ ወደ ውጭ እስከ ስድስት እየቆጠርክ ተንፍስ። ልብህ የሚያርፍበትን አንድ ቦታ አስብ። የአጎትህ እርሻ ሊሆን ይችላል፣ የጦሳ ተራራ ወገብም ሊሆን ይችላል። መሬቱ ምን ይሸታል? ነፋሱ ከየት ይመጣል? ሰውነትህ ሲለሰልስ አውራ ጣትህንና ሌባ ጣትህን አጣብቅ። ይህን ሁለት ሳምንት አድርገው፤ ጣቶችህ ሲገናኙ ሰውነትህ መልመድ ይጀምራል። ከዚያ ልምምዱን ወደ ፈተናው ቀን ውሰደው። በሩን፣ ወንበሩን፣ ወረቀቱ ሲታደል የሚሰማውን ድምፅ እይ። አሁን ዋናው ነገር ይመጣል፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደማታውቀው አስብ። ልብህ ሲመታ ስማው። ጣቶችህን አጣብቅ፣ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍስ፣ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እለፍ። ብዙዎች ሁሉን ሲመልሱ ብቻ ያልማሉ፤ ፈተናው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲከብዳቸው ይወድቃሉ። አንተ መደናገጡንና መመለሱን ተለማመድ።

የድሮ ፈተናዎችንም ሰዓት ይዘህ ሥራ። ያለዚህኛው ያኛው ብቻውን አይበቃህም።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው። ልጅ ሳለሁ የሆነ ነገር የደረሰብኝ ይመስለኛል፤ ግን አላስታውሰውም። በሂፕኖሲስ ማውጣት ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚህ አትጠቀሚበት። ትዝታ ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈ ልብስ አይደለም፤ በየጊዜው ስናስታውሰው እንደ አዲስ የምንሰፋው ነው። በሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው ክፍተቱን በምናቡ ይሞላና እርግጠኛ ሆኖ ይወጣል። በዚህ የተነሳ በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ያሉ ፍርድ ቤቶች በሂፕኖሲስ የተገኘ የምስክርነት ቃል አይቀበሉም። ያልሆነ ነገር እንደሆነ አምነሽ፣ ወይም የሆነውን ተጠራጥረሽ እንድትኖሪ አልፈልግም።

የምታውቂውን ይዘሽ ነይ። እንቅልፍ የሚነሳሽን ሌሊት፣ መግባት የምትፈሪውን ቤት፣ ሲነኩሽ የሚዘገንንሽን ተናገሪ። ሕክምናው ከዚያ መጀመር ይችላል፤ ያልታወሰው ሳይታወስም ሰው ይድናል። አዲስ አበባ ካለሽ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሌላ ከተማ ካለሽ በአቅራቢያሽ ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መጀመር ትችያለሽ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ የምታምኛትን አንዲት ሴት ይዘሽ ሂጂ፤ ለእርሷ ምንም ሳትነግሪያት፣ በር ላይ ተቀምጣ እንድትጠብቅሽ ብቻ።